ሜ ሶት፦ ስሟን ሳናውቅ ወጣቶቻችን ያለፉባት የታይላንድ ድንበር ወረዳ

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። 260 ሰዎች ከሚያንማር ምድር ተነሥተው ሞይ የሚባል ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ገቡ። የ20 አገሮች ዜጎች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን የአንድ አገር ልጆች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ።

ከኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች አውጥቶ ለታይላንድ ወታደሮች ያስረከባቸው በአካባቢው ያለ የታጠቀ ቡድን ነው። ብዙዎቹ ከቤታቸው የወጡት "ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ" ተብለው ነበር።

ዜናውን ያኔ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ አይተነዋል። አዝነን አለፍን። ግን ጥያቄው ይቀራል። ቦታው የት ነው? ባንኮክ ገባሁ ብሎ ለእናቱ የደወለ ልጅ እንዴት ሚያንማር ውስጥ ተገኘ? መንገድ ላይ ፖሊስ የለም እንዴ? አካባቢውንስ የሚያስተዳድረው ማነው?

መልሱን ለማግኘት አንዲት ወረዳን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሜ ሶትን። ዛሬ መልክዓ ምድሯን፣ ታሪኳንና አስተዳደሯን ይዘንላችሁ ቀርበናል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መልካም ንባብ።

ሜ ሶት የት ናት?

ሜ ሶት በምዕራብ ታይላንድ፣ ታክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገኛለች። ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመኪና የሰባት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የወረዳዋ ስፋት 1,986 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሰፋለች ማለት ነው። አብዛኛው ግን ተራራ፣ ጫካና የእርሻ መሬት ነው። በሰሜን ሜ ራማት፣ በደቡብ ፖፕ ፕራ የሚባሉ ወረዳዎች ያዋስኗታል። በምሥራቅ በተራራው ማዶ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ታክ አለች። በምዕራብ ያለው ሚያንማር ነው።

የታክ ክፍለ ሀገር ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት። በመሀል የተጋደመው የተራራ ሰንሰለት ለሁለት ይከፍላቸዋል። አራቱ በምሥራቅ በኩል ሆነው ወደ መሀል አገር ያያሉ። ሜ ሶትን ጨምሮ አምስቱ ደግሞ ከተራራው ጀርባ ድንበሩን ተጠግተው ነው ያሉት። የሜ ሶት ገበሬ ከራሱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ይልቅ ለሚያንማሯ ሚያዋዲ ከተማ በጣም ይቀርባል። ታክ ለመድረስ ተራራ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ሚያዋዲ ግን ድልድይ ተሻግሮ ነው።

በዚህ የተራራ መንገድ ላይ የፓዎ መቅደስ የሚባል ቦታ አለ። ፓዎ በአካባቢው አፈ ታሪክ በሩን ይጠብቅ የነበረ የካረን ብሔረሰብ የጦር አለቃ ነው። ሹፌሮች እዚያ ጋ ሲደርሱ ለክብሩ ክላክስ እያሰሙ ያልፋሉ። ከወረዳዋ ንዑሳን አስተዳደሮች አንዱም በስሙ ነው የሚጠራው።

ወደ ሰሜን የሚፈሰው ወንዝ

የሜ ሶት ነገር ሁሉ የሚዞረው በሞይ ወንዝ ዙሪያ ነው። ወንዙ ከደቡብ፣ ከፖፕ ፕራ ወረዳ ይነሣል። የታይላንድ ትልልቅ ወንዞች በብዛት ወደ ደቡብ ሲፈሱ ይሄኛው ተገልብጦ ወደ ሰሜን ይሄዳል። 327 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሳልዊን ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በጉዞው አብዛኛው ክፍል የታይላንድና የሚያንማር ድንበር እሱ ነው።

ድንበር ሲባል ትልቅ ነገር አታስቡ። በክረምት ይሞላል፤ የዝናቡ ወቅት በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ግን ውሃው ይቀንሳል፤ አንዳንድ ቦታ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በትንሽ ጀልባ ከሆነ ደግሞ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ፣ ገበያ ሊሄድ፣ የቀን ሥራ ሊሠራ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው።

ሕጋዊው መሻገሪያ ድልድይ ነው። የመጀመሪያው የታይላንድና የሚያንማር የወዳጅነት ድልድይ 420 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የተከፈተው በ1997 ነው። በ2019 ለጭነት መኪና የሚሆን ሁለተኛ ድልድይ ተጨመረ። በዚህ በኩል የሚያልፈው መንገድ የእስያ አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ይባላል። ከጃፓን ቶኪዮ ተነሥቶ እስከ ቱርክ ምዕራባዊ ድንበር የሚዘረጋው መስመር አካል ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በወንዙ ላይ ትልቅ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ግራና ቀኝ ደግሞ ለመጠበቅ የሚከብድ ረጅም የወንዝ ዳር። የወረዳዋ ዕድልም መከራም የመጣው ከዚህ ነው።

ከዝሆን ፍልሚያ እስከ ወረዳነት

ሜ ሶት መቼ ተጀመረች? የታይላንድ ታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት ቾት ከምትባል ጥንታዊ ከተማ ጋር ያገናኟታል። ቾት የተጠቀሰችው በ1292 እንደተቀረጸ በሚነገርለት የንጉሥ ራምካምሄንግ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኩን ሳም ቾን የሚባል የቾት ገዢ ታክን ለመውረር ጦሩን ይዞ መጣ። የሱኮታይ ንጉሥ ሊከላከል ወጣ። ውጊያው ሲበረታ የንጉሡ ሰዎች ሸሹ። ያኔ የንጉሡ ልጅ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ዝሆኑን ወደፊት ነድቶ ከኩን ሳም ቾን ጋር ተጋጠመና አሸነፈው። አባቱም ደፋሩ ራማ የሚል ትርጉም ያለው "ራምካምሄንግ" የሚለውን ስም ሰጠው። ይህ ወጣት በኋላ ከታይላንድ ታላላቅ ነገሥታት አንዱ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዘመናት አካባቢው የጦር መተላለፊያ ነበር። ከበርማ (የዛሬዋ ሚያንማር) የሚመጣ ጦር ወደ ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ሜ ላማው የሚባለው የተራራ ማለፊያ ነው። በ1775 የዘመተው ትልቅ የበርማ ጦር የገባው በዚሁ ነው። ዛሬም ከሜ ሶት ንዑሳን አስተዳደሮች አንዱ "ዳን ሜ ላማው" ይባላል። "ዳን" በታይኛ ኬላ ማለት ነው።

ድንበሩ በወረቀት ላይ የሰፈረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዞች ከ1824 እስከ 1826 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ቴናሰሪም የሚባለውን የበርማ ክፍል ያዙ። በ1868 ከሲያም ጋር ባደረጉት ስምምነት የሞይ ወንዝ ድንበር ሆነ። በዘመኑ አካባቢው በቲክ እንጨት ይፈለግ ነበር። ግንዱ በወንዝ እየተንሳፈፈ እስከ በርማ ወደቦች ይሄዳል።

ድንበሩን ያሰመሩት መንግሥታት ናቸው እንጂ ነዋሪው አይደለም። በወንዙ ግራም ቀኝም የሚኖሩት ካረኖች ነበሩ። ያኔ ሜ ሶት ላይ የነበረው የካረን መንደር ነው። በኋላ ከሰሜን ታይላንድ ሰዎች መጥተው ሰፈሩ። ቀጥሎ የሻን ሕዝቦች፣ በርማውያን፣ ቻይናውያንና ሙስሊም ነጋዴዎች ተጨመሩ። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ በርማ አሠራር ያላቸው የቡድሃ ቤተ መቅደሶችና መስጊድ በአንድ ገበያ ዙሪያ ይታያሉ።

በ1898 ሜ ሶት በይፋ ወረዳ ሆነች። ጊዜው ሲያም አስተዳደሯን ከሥር መሠረቱ የምታደራጅበት ነበር። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ልዑል ዳምሮንግ በየአካባቢው የነበሩትን ባላባቶች ሥልጣን ቀንሰው ከማዕከል በሚሾም ሹም ይተኩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በምዕራብ እንግሊዝ፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ እየተጠጉ ነው። ድንበር ላይ የራስህ ሹም ከሌለህ ቦታው የኔ ነው ማለት ይከብዳል።

በጃንዋሪ 1942 ደግሞ የጃፓን ጦር በሜ ሶት በኩል አድርጎ በእንግሊዝ ሥር የነበረችውን በርማን ወረረ። ያቺ ጸጥ ያለች የገጠር ወረዳ እንደገና የጦር በር ሆነች።

ወረዳዋን የሚያስተዳድረው ማነው?

የታይላንድ አስተዳደር ከእኛ ጋር ሲነጻጸር አይከብድም። ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይወርዳል።

1. ቻንግዋት፦ ክፍለ ሀገር ነው። አገሪቱ 76 ክፍለ ሀገሮች አሏት፤ ባንኮክ ለብቻዋ ልዩ አስተዳደር ናት። የክፍለ ሀገር ገዢ በሕዝብ አይመረጥም፤ ከማዕከል ይሾማል። ገዢዋን የምትመርጠው ባንኮክ ብቻ ናት።

2. አምፐ፦ ወረዳ ማለት ነው። በመላ አገሪቱ 878 አሉ። ሜ ሶት አንዷ ናት። ኃላፊው "ናይ አምፐ" ይባላል። እሱም የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፤ ይሾማል፣ ይዛወራል። በብዛት የሌላ አካባቢ ሰው ነው።

3. ታምቦን፦ ከእኛ ቀበሌ ጋር ይቀራረባል። ሜ ሶት 10 ታምቦኖች አሏት። ኃላፊው "ካምናን" ይባላል።

4. ሙባን፦ መንደር ነው። በሜ ሶት ከ80 በላይ አሉ። የመንደሩ አለቃ "ፑ ያይ ባን" ይባላል፤ "የመንደሩ ትልቅ ሰው" እንደማለት ነው።

የመንደር አለቃውን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ካምናኑ ደግሞ ከመንደር አለቆቹ መካከል ይወጣል። ሁለቱም 60 ዓመት እስኪሞላቸው ሊሠሩ ይችላሉ። ልደትና ሞት ማስመዝገብ፣ ጎረቤት ሲጣላ ማስታረቅ፣ እንግዳ ሰው መንደር ውስጥ ሲታይ ለወረዳ ማሳወቅ፣ የመንግሥትን መመሪያ ማድረስ የእነሱ ሥራ ነው። ይህን የሚገዛው ሕግ የወጣው በ1914 ሲሆን ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም ይሠራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ መስመር አለ። ይሄኛው የተመረጡ ምክር ቤቶች መስመር ነው። ከተማዋ የራሷ ማዘጋጃ ቤትና የተመረጠ ከንቲባ አላት። ድልድዩ ያለባት ታ ሳይ ሉዋትም የራሷ ማዘጋጃ ቤት አላት። በገጠሩ ደግሞ በ1994 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ የታምቦን አስተዳደር ምክር ቤቶች አሉ። መንገድ፣ ውሃ፣ ቆሻሻ ማንሣትና የሕፃናት ማቆያ የመሳሰሉት በእነሱ እጅ ናቸው።

ሦስተኛው የድንበር ጥበቃው ነው። ወታደሩ አለ፤ በአካባቢው ናሬሱአን የሚባለው ግብረ ኃይል። የድንበር ፖሊስ አለ። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክም አሉ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው አለቃ አላቸው፤ ትእዛዛቸውም ከተለያየ መሥሪያ ቤት ነው የሚመጣው።

ስለዚህ "ሜ ሶትን የሚያዘው ማነው?" ብትሉ መልሱ ብዙ ሰው ነው። ሜ ሶት ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ወይም ልዩ ከተማ ትሁን የሚለው ሐሳብ በተደጋጋሚ የተነሣውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 መንግሥት ሜ ሶትን፣ ፖፕ ፕራንና ሜ ራማትን የሚያካትት ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና አቋቁሟል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም እኩል ይሠራል። የናይ አምፐውም፣ የፖሊሱም፣ የወታደሩም ሥልጣን ወንዙ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር ነው።

ሩዝ፣ ዚንክና ሸንኮራ አገዳ

ወንዙን ከመሻገራችን በፊት የወረዳዋን ሰው ኑሮ እንይ። የሜ ሶት ገጠር ሩዝ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ያመርታል። ሸንኮራ አገዳው እንዲህ የተስፋፋበት ምክንያት የሚያሳዝን ታሪክ አለው።

ፕራ ታት ፓ ዴንግ በሚባለው ታምቦን ተራራ ላይ ዚንክ ይቆፈር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ከተራራው የሚወርደው የሜ ታው ጅረት የሚያጠጣውን የሩዝ ማሳ ሲመረምሩ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት በብዛት አገኙ። ካድሚየም ከዚንክ ማዕድን ጋር አብሮ የሚገኝ ነገር ነው። በምግብ ገብቶ ሲጠራቀም ኩላሊትን ይጎዳል፣ አጥንትን ያሳሳል።

ገበሬው ለትውልድ ሲበላው የኖረውን ሩዝ አትብላ፣ አትሽጥ ተባለ። መንግሥት በምትኩ ለነዳጅ ኤታኖል የሚሆን ሸንኮራ አገዳ እንዲተክል ገፋፋው። አስቡት፤ የራሱን ሩዝ ይበላ የነበረ ሰው ሩዝ ከገበያ የሚገዛ ሆነ።

በከተማዋ ዙሪያ ደግሞ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አሉ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሚያንማር የመጡ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ገበያው ውስጥ ጄድና የከበሩ ድንጋዮች ይሸጣሉ። በመዝገብ ያለው የወረዳዋ ሕዝብ ከ100,000 በላይ ነው። ያልተመዘገበውን ስደተኛ ብትጨምሩበት ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል።

ሸሽቶ ለመጣ ሁሉ በር

ካረኖች ራስን በራስ ለማስተዳደር በበርማ መንግሥት ላይ መሣሪያ ያነሡት በ1949 ነው። ጦርነቱ ዛሬም አላለቀም። በ1984 የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በብዛት ወንዙን ተሻገሩ። በድንበሩ ከተቋቋሙት ዘጠኝ የስደተኞች መጠለያዎች ትልቁ ሜ ላ ይባላል፤ ከሜ ሶት በስተሰሜን ነው። እዚያ ተወልደው፣ እዚያ አድገው፣ እዚያው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። ለአሥርት ዓመታት ከመጠለያ ወጥቶ መሥራት ተከልክሎ ኖሮ፣ የታይላንድ መንግሥት በሕግ እንዲሠሩ የፈቀደው በ2025 ነው።

በ1988 በበርማ ሕዝባዊ ተቃውሞ ሲደፈጠጥ ከሸሹት መካከል ሲንቲያ ማውንግ የምትባል ወጣት የካረን ሐኪም ነበረች። በ1989 ሜ ሶት ላይ ሜ ታው የሚባለውን ክሊኒክ ከፈተች። በጥቂት መሣሪያ የተጀመረው ክሊኒክ ዛሬ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ጨምሮ በርካታ ሰዎችን ያክማል፤ ያዋልዳል፤ የእግር ፕሮቴሲስ ይሠራል። ፈንጂ እግሩን የነጠቀው ሰው በአካባቢው ብዙ ነውና። ዶክተር ሲንቲያ በ2002 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን ተሸልማለች።

በፌብሩዋሪ 2021 ሚያንማር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ አዲስ ስደተኛ መጣ። ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም። በኤፕሪል 2024 ውጊያው ሚያዋዲ ከተማ ውስጥ ሲገባ ሺዎች ወደ ሜ ሶት ጎረፉ።

ሜ ሶት እንግዲህ የወንጀለኛ አገር አይደለችም። ሰው ነፍሱን ይዞ የሚሸሽባት ቦታ ናት። ሌሎች ግን ያንኑ በር ለተቃራኒው ነገር ተጠቀሙበት።

ከወንዙ ማዶ

የሚያንማር መንግሥት በዚህ ድንበር ላይ ሙሉ ሥልጣን ኖሮት አያውቅም። መሬቱን የያዙት የታጠቁ ቡድኖች ናቸው። አንዳንዶቹ ከመንግሥት ጋር ይዋጋሉ፤ አንዳንዶቹ ከሱ ጋር ተስማምተው በራሳቸው ይኖራሉ። ሕግ ደካማ በሆነበት በዚህ ቦታ ላይ የውጭ ገንዘብ መጣ። ሽዌ ኮኮ እና ኬኬ ፓርክ የሚባሉ ግቢዎች ከሞይ ወንዝ ዳር ተገነቡ። መጀመሪያ ቁማር ቤት ተባሉ፤ ከኮቪድ በኋላ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ፋብሪካ ሆኑ።

አሠራሩ ይታወቃል። ሠራተኛው የውሸት ፎቶና ስም ይሰጠዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ይተዋወቃል፤ ለሳምንታት "እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ" ይላል። ከዚያ የሐሰት የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት ያስገባዋል። ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ልውጣ ያለ ቤተሰቡ ገንዘብ እንዲልክ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2023 ባወጣው ግምት ሚያንማር ውስጥ ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰዎች በዚህ ሥራ ተይዘው ሊሆን ይችላል።

ግቢዎቹ ያሉት ሚያንማር ውስጥ ነው። መብራቱ፣ ነዳጁና ኢንተርኔቱ ግን ለዓመታት በብዛት ከታይላንድ በኩል ነበር የሚሄደው። የስልክ ኔትወርክም ወንዝ አያቆመውም። በጃንዋሪ 2025 ዋንግ ሺንግ የሚባል ቻይናዊ ተዋናይ ለፊልም ሥራ ተብሎ ባንኮክ ገባ፤ በመኪና ወደ ሜ ሶት ተወሰደና ጠፋ። ከቀናት በኋላ ከማዶ ተገኝቶ ሲመለስ ጸጉሩ ተላጭቶ ነበር። ጉዳዩ ቻይናን አነጋገረ፤ የታይላንድን ቱሪዝም አስደነገጠ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን ታይላንድ ሚያዋዲን ጨምሮ በድንበሩ ወደ አምስት ቦታዎች የሚሄደውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠች። በሳምንቱ በጽሑፋችን መግቢያ ላይ የጠቀስናቸው 260 ሰዎች ወጡ። የተሻገሩት በጎረቤት ወረዳ በፖፕ ፕራ በኩል ነው፤ ፖፕ ፕራ ቀድሞ የሜ ሶት አካል ነበረች። በቀጣዮቹ ሳምንታት የወጡት ሰዎች ቁጥር ከ7,000 በላይ ደረሰ።

መውጣት ግን ቤት መግባት አይደለም። ቢቢሲ በወቅቱ እንደዘገበው 130 ገደማ ኢትዮጵያውያን ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን 600 ዶላር አጥተው በታይላንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ይጠብቁ ነበር። በኦክቶበር 2025 ደግሞ የሚያንማር ጦር ኬኬ ፓርክን ሲወርር ከ1,500 በላይ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ሜ ሶት ገቡ። አንዱ ግቢ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል፤ ነገሩ አላበቃም።

ካርታውን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ወረዳዋን ያወቀ ሰው ሦስት ነገር ይረዳል።

አንደኛ፣ ባንኮክና ሜ ሶት አንድ አይደሉም። "ሥራው ባንኮክ ነው" ተብሎ ከኤርፖርት የተቀበለው መኪና ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሰዓታት ከነዳ ነገሩ ሌላ ነው። ስልካችሁ ላይ ካርታው ይኑራችሁ። ታክ ወይም ሜ ሶት የሚል ስም ካያችሁ ወደ ሚያንማር ድንበር እየሄዳችሁ ነው። ለቤተሰብ ያላችሁበትን ቦታ በቀጥታ አጋሩ።

ሁለተኛ፣ በታይላንድ ምድር እስካላችሁ ድረስ የሚጠየቅ መንግሥት አለ። ወንዙን ከተሻገራችሁ በኋላ ግን ያ ፖሊስ ሊደርስላችሁ አይችልም። በታይላንድ የፖሊስ ስልክ 191፣ የቱሪስት ፖሊስ 1155፣ የማኅበራዊ ጉዳይ እርዳታ መስመር 1300 ነው። ከማዶ አምልጦ የተመለሰ ሰውም የሕገወጥ ሰዎች ዝውውር ሰለባ መሆን አለመሆኑ በባለሙያዎች ይጣራል። ስለዚህ እዚያ ለሚጠየቅ ጥያቄ እውነቱን ከመጀመሪያው መናገር ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ የቱሪስት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ እንዲላክ የፈቀደው የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተደረገባቸው አገሮች ነበር። በቴሌግራም "ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን" የሚል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደመወዙ አይደለም። ከተማው የት ነው? ወረዳው ማን ይባላል? ውሉ በየትኛው ኤጀንሲ በኩል ነው? መልስ ከሌለ ሥራም የለም።

ሜ ሶት በዝሆን የተፋለሙባት፣ እንግሊዝና ሲያም ድንበር ያሰመሩባት፣ ገበሬዋ ሩዙን የተቀማባት፣ ስደተኛ የተጠለለባት ወረዳ ናት። ስሟ ወደኛ የደረሰው ግን በመጥፎ ዜና ነው። ቢያንስ ከዚህ በኋላ ስሟን የሰማ ልጅ መኪናው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያውቃል።

"ታይላንድ ልሄድ ነው" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ያንብበው።